ከሀና ማርያም እስከ ዶርም፦ ስለ መጀመሪያዋ ሌሊት

በ2015 ዓ.ም. በጥቅምት ወር መግቢያ ላይ፣ በሀና ማርያም የምትኖር አንዲት ጎረቤታችን ልጇን ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወደ አንድ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ለመሸኘት ስትጣደፍ አየናት። የሚፈተኑበት ግቢ በትክክል ከታወቀ በኋላ የቀሩት ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ልጅቱ እስከዚያች ዕለት ድረስ ከእናቷ ቤት ውጭ ለብቻዋ አድራ አታውቅም። ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ ነጠላ ጫማ፣ ሳሙናና የመፈተኛ ካርድ በአንድ ቦርሳ ተከተቱ። እናት በሶ በላስቲክ ቋጥራ ጨመረች፤ ምግብ ይዞ መግባት አይቻልም የሚል ወሬ ሰምታ አወጣችው፤ ማታ ላይ መልሳ ከተተችው። ሞባይል ስልክ መያዝ ክልክል ስለነበር እናትና ልጅ እስከ ፈተናው ፍጻሜ ድረስ ድምፅ ለድምፅ ላይሰማሙ ተለያዩ።

ፈተናው አልቆ ስትመለስ በመንገድ አገኘናትና እንዴት እንደነበረ ጠየቅናት። «ፈተናው ደህና ነው፣ ጋሼ» አለችን። «የመጀመሪያዋ ሌሊት ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር አልዞረብኝም። በር በተንቀሳቀሰ ቁጥር ብድግ እላለሁ። ስድስታችንም እንደዚያው ነበርን።»

ይህን ስንሰማ በመጀመሪያ የገመትነው ፍርሃት ነው ብለን ነበር። ይሁን እንጂ የስድስቱም ሁኔታ አንድ መሆኑ ነገሩን ደግመን እንድናስብበት አደረገን። ስድስት የተለያዩ መሣሪያዎች በአንድ አቅጣጫ ሲሳሳቱ የፊዚክስ ሰው ጥፋቱን በመሣሪያዎቹ ላይ አይፈልግም፤ የተቀመጡበትን ክፍል ይመረምራል።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ለምን እንደገባ ማስታወስ ይገባል። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተሰርቆ በመውጣቱ በግንቦት ወር ተሰርዞ ተማሪዎች እንደገና በሐምሌ ተፈትነዋል። ከዚያም በኋላ በነበሩት ዓመታት ስለ ኩረጃና ስለ መልስ ዝውውር የሚነገረው እየበዛ ሄዶ፣ በመጨረሻ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በ2015 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በየዩኒቨርሲቲው ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ከመስከረም 30 ጀምሮ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ደግሞ ከጥቅምት 8 ጀምሮ ተፈተኑ። በአንድ ወር ውስጥ ከ800,000 የሚበልጡ ወጣቶች የቤታቸውን አልጋ ትተው በማያውቁት ዶርም አደሩ ማለት ነው። ነባር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ቦታ ለቀውላቸዋል። በአገራችን የትምህርት ታሪክ በሰላም ጊዜ እንዲህ ያለ የተማሪ እንቅስቃሴ ለማግኘት ወደ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ መመለስ ሳያስፈልግ አይቀርም፤ የዚያን ጊዜው ዘማች ግን በማግሥቱ የፊዚክስ ፈተና አልነበረበትም።

ትምህርት ሚኒስቴር በጥር ወር ይፋ ያደረገው ውጤት ሁላችንንም አስደንግጧል። ለፈተናው ከተቀመጡት 896,520 ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ይኸውም 3.3 በመቶ ነበሩ። እዚህ ላይ አንባቢ በስሕተት እንዳይረዳን እንፈልጋለን። ይህን ውጤት ያመጣው እንቅልፍ ማጣት ነው አንልም። የውጤቱ ሥር ከመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት የሚጀምር፣ ጥልቅና የቆየ ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ መሰጠቱንም በመርሕ ደረጃ እንደግፋለን። መልሱ አስቀድሞ በኪስ የገባበት ፈተና ምንም አይለካምና። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው። አንድን ትልቅ የመለኪያ ስሕተት ስናስወግድ፣ በዚያው እጃችን ሌላ አነስተኛ ስሕተት አላስገባንምን?

በመጀመሪያው ዓመት የፊዚክስ ቤተ ሙከራ የሚገባ ተማሪ ሁሉ የሚሠራው ጥፋት አለ። ቴርሞሜትሩን ከጠረጴዛ ላይ አንሥቶ በሙቅ ውኃ ውስጥ ይነክርና ወዲያው አንብቦ በደብተሩ ይጽፋል። የጻፈው የውኃውን ሙቀት አይደለም፤ የጠረጴዛውንም አይደለም፤ በሁለቱ መካከል ያለ፣ የማንም ያልሆነ ቁጥር ነው። ቴርሞሜትሩ ከውኃው ጋር የሙቀት ሚዛን እስኪደርስ ጊዜ ያስፈልገዋል። በዚህ ዓይነት የሚመጣው ስሕተት ደግሞ በዕድል አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች የሚሄድ አይደለም፤ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። እኛ ሥርዓታዊ ስሕተት የምንለው ይህ ነው። ሺህ ጊዜ ደጋግመህ ብትለካና አማካዩን ብትወስድ አይጠፋም። የሚጠፋው በመጠበቅ ብቻ ነው።

የሰው ልጅ በአዲስ መኝታ ላይ የሚገጥመውም ከዚህ የራቀ አይደለም። የእንቅልፍ ተመራማሪዎች በቤተ ሙከራቸው ሰው ሲያስተኙ የመጀመሪያው ሌሊት ልኬት ከሌሎቹ እንደሚለይ ያስተዋሉት ገና ከጥንት ጀምሮ ነው። አግኒው፣ ዌብና ዊልያምስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1966 እ.ኤ.አ. «የመጀመሪያ ሌሊት ውጤት» ብለው ጽፈውበታል። ከዚያ በኋላ የነበሩት ብዙዎቹ ተመራማሪዎች የመጀመሪያውን ሌሊት መረጃ እንደ ጉድለት ቆጥረው ይጥሉት ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. ግን በአሜሪካ የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ማሳኮ ታማኪና ዩካ ሳሳኪ ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ የሚጣለውን መረጃ አንሥተው ይህ ለምን ይሆናል ብለው ጠየቁ። ያገኙት መልስ አስገራሚ ነበር። በአዲስ ቦታ በመጀመሪያው ሌሊት የአንጎል ግራና ቀኝ ክፍሎች እኩል አይተኙም። በጥልቁ የእንቅልፍ ወቅት ግራው ክፍል ከቀኙ ይልቅ ቀለል ያለ እንቅልፍ ይተኛል፤ ለእንግዳ ድምፅም ይበልጥ ንቁ ሆኖ ይቆያል። ለተኛው ሰው ያልተለመደ ድምፅ ወደ ግራው ክፍል በሚያደርሰው ጆሮ፣ ማለትም በቀኝ ጆሮው፣ ሲሰማው ቶሎ ይነቃል። እነዚሁ ሰዎች ከአንድ ሳምንት በኋላ ወደዚያው ክፍል ተመልሰው ሲተኙ ልዩነቱ ጠፍቷል። አንዳንድ የባሕር አጥቢዎችና ወፎች በአንድ ወገን አንጎላቸው እየተኙ በሌላው እንደሚጠብቁ ይታወቃል፤ በሰውም ዘንድ የዚያ ዘበኛ ጥላ መኖሩን ይህ ጥናት አመለከተ።

የጎረቤታችን ልጅ «በር በተንቀሳቀሰ ቁጥር ብድግ እላለሁ» ማለቷ እንግዲህ የፈሪ ንግግር አልነበረም። ዘበኛው ሥራውን ሲሠራ ነው። እኛም ራሳችን ለዶክትሬት ትምህርት ወደ ውጭ አገር በሄድን ጊዜ በተማሪዎች ማደሪያ የመጀመሪያዋን ሌሊት በማሞቂያው ቧንቧ ድምፅ ስንባንን አድረናል። የጋለ ብረት ሲረዝም፣ ሲቀዘቅዝም ሲያጥር ይንኳኳል፤ ይህን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ስናስተምር የኖርን ሰዎች ነን። ዕውቀቱ ግን በዚያች ሌሊት አላስተኛንም። በሦስተኛው ቀን ድምፁን መስማት ተውን።

አሁን ወደ ክፍሉ አየር እንምጣ። ይህ ይበልጥ የእኛ ሙያ ነው፤ አንባቢም ወረቀትና እርሳስ ይዞ ሊከተለን ይችላል። አንድ የተኛ ሰው፣ በባሕር ወለል ግፊት ሲለካ፣ በሰዓት በግምት 12 ሊትር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተነፍሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ በመሆኑ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። (ቤታችን ውስጥ ውኃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚፈላው፣ ሽሮም ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ይልቅ እሳት ላይ የሚቆየው በዚሁ ምክንያት ነው።) ስለዚህ ያው ጋዝ እዚህ ወደ 16 ሊትር የሚጠጋ ስፍራ ይይዛል። ርዝመቱ 5፣ ስፋቱ 4፣ ቁመቱ 2.7 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ ስድስት ልጆች በሦስት ተደራራቢ አልጋዎች ተኝተዋል እንበል። የክፍሉ ይዘት 54,000 ሊትር ነው። ስድስቱ በሰዓት 96 ሊትር ይጨምሩበታል። ይህም ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 1,780 ገደማ ማለት ነው፤ በየሰዓቱ።

በውጭ ያለው አየር በሚሊዮን ከ420 ትንሽ የሚበልጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለው። መስኮቱ ተዘግቶ፣ በሩም ተቀርቅሮ፣ የክፍሉ አየር በስንጥቅ በኩል በሁለት ሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ የሚለወጥ ቢሆን፣ ወደ ንጋት ገደማ መጠኑ 4,000 አካባቢ ይደርሳል። ጀርመናዊው ማክስ ፎን ፔተንኮፈር በ1858 እ.ኤ.አ. ለመኖሪያ ክፍል ተገቢ ነው ብሎ ያስቀመጠው ወሰን 1,000 ነበር። በእርግጥ 4,000 ሰውን አይመርዝም። ነገር ግን ይህ ቁጥር የሚነግረን ሌላ ነገር አለ፤ አንዱ ከሌላው ሳንባ የወጣውን አየር ምን ያህል መልሶ እንደሚስብ ይነግረናል።

ይህስ በማግሥቱ ፈተና ላይ ምን ያመጣል? እዚህ ላይ ሌላ ጥናት በእጃችን አለ፤ ጥናቱ የተካሄደውም በተማሪዎች ዶርም ነው። በዴንማርክ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ስትሮም ቴይሰንና ባልደረቦቹ ያሳተሙት የ2016 እ.ኤ.አ. ሥራ፣ በአንድ ዓይነት ነጠላ ክፍሎች የሚያድሩ ተማሪዎችን አየር ሲገባላቸውና ሳይገባላቸው አወዳድሯል። አየር ባልገባላቸው ሌሊቶች ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በአማካይ ከ2,000 በላይ ነበር፤ አየር ሲገባ ከ1,000 በታች ወረደ። አየር ሲገባላቸው እንቅልፋቸው ተሻለ፤ በማግሥቱም ትኩረታቸውና በሎጂካዊ አስተሳሰብ ፈተና ያገኙት ውጤት ከፍ ብሎ ታየ። የተጠኑት ተማሪዎች ጥቂቶች ስለነበሩ ይህን እንደ ሕግ አንቆጥረውም። ግን እነርሱ በአንድ ክፍል አንድ ሆነው ነው፤ የእኛዎቹ ስድስት ናቸው።

«መስኮት መክፈት ነው እንግዲህ» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥቅምት ላይ የአዲስ አበባ ሌሊት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መስኮት ይከፈት የሚል አንድ ልጅ ከአምስት እንግዶች ጋር ክርክር ይገጥማል፤ በመስኮቱ አጠገብ የተኛው ይቃወማል፤ ብርድ መታኝ ይላል። በአገራችን ነፋስን የሚፈራው ሰው ብዙ ነው፤ በታክሲ ውስጥ መስኮት ከፍቶ የተጣላ ሁሉ ያውቀዋል። ስድስት የተኙ ሰዎች በድምሩ ወደ 450 ዋት የሚጠጋ ሙቀት እንደሚሰጡ፣ ይህም አነስተኛ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ማለት እንደሆነ ብንነግራቸው ምናልባት መስኮቱን ከአንድ መዳፍ ስፋት አያስተርፉም ይሆን? እኛ ሞክረን አልተሳካልንም፤ እናንተ ሞክሩት።

ከእንቅልፍ የሚብስ ጉዳይም አለ፤ ይህንንም ሳናነሣው ብናልፍ ግዴታችንን አልተወጣንም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ አገር በኬተራም የጦር ሠፈር ግሎቨር የተባለ ሐኪም የወታደሮቹን ጉሮሮ እየመረመረ፣ አልጋዎቹ በተጠጋጉ ቁጥር የማጅራት ገትር ባክቴሪያ ተሸካሚዎች ቁጥር እንደሚያሻቅብ አየ። አልጋዎቹ ቢያንስ 76 ሳንቲሜትር (በእነርሱ መለኪያ 2.5 ጫማ) እንዲራራቁ ሲደረግ የተሸካሚዎቹ ቁጥር ወረደ። መድኃኒት አልተሰጠም፤ ርቀት ብቻ ነው የተሰጠው። በአሜሪካም ከ1998 እስከ 1999 እ.ኤ.አ. በተደረገ ክትትል በዶርም የሚኖሩ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች በዚህ በሽታ የተያዙበት መጠን ከ100,000 ውስጥ 5.1 ሲሆን፣ ለጠቅላላው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ግን 0.7 ነበር። ልዩነቱ ከዓመት ዓመት አብረው ከኖሩት ይልቅ ከየስፍራው አዲስ በተሰባሰቡት ላይ መሆኑን ልብ ይሏል። አገራችን ደግሞ ፈረንሳዊው ሐኪም ላፔሶኒ በ1963 እ.ኤ.አ. ከለየውና ዛሬ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ ይዘረጋል ከሚባለው የማጅራት ገትር መቀነት ውስጥ ናት፤ በ1981 እና በ1989 እ.ኤ.አ. ከባድ ወረርሽኝ አስተናግዳለች። በ«ኤ» ዝርያ ላይ የሚሰጠው ክትባት ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየምዕራፉ ተዳርሷል። ሌሎች ዝርያዎች ግን አሉ። ተማሪዎች ሆይ፣ በዶርም ውስጥ ብርቱ ራስ ምታት፣ ትኩሳትና የአንገት መድረቅ የታየበት ጓደኛ ካለ የፈተና ጭንቀት ነው ብላችሁ እንዳታሳድሩት።

አንዳንድ ባልደረቦቻችን ይህን ሁሉ ስናነሣ ይስቁብናል። «እኛ በሽቦ አልጋ ላይ፣ በሳሳ ፍራሽ፣ በአንድ ክፍል ስምንት ሆነን ተኝተን ነው ዶክተር የሆንነው» ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ክርክር የሚናገረው ስለተረፉት ነው። በዚያ ክፍል ስምንት ሆነው ከተኙት መካከል ዛሬ ቆመው የሚናገሩት ሁለቱ ናቸው፤ የስድስቱን ታሪክ ማን ይነግረናል? ከዚህም በላይ እኛ በዚያ ዶርም ለመጀመሪያ ጊዜ ስንተኛ ፈተና ከፊታችን ገና ወራት ቀርተውት ነበር።

ሥርዓታዊው ስሕተት ለሁሉ እኩል ቢሆን ኖሮ እንኳ አንከራከርም ነበር። ሁሉም በእኩል ዝቅ ካሉ ደረጃቸው አይለወጥም ይባላልና። ግን እኩል አይደለም። ከልጅነቱ በአዳሪ ትምህርት ቤት የኖረው ለተደራራቢ አልጋ እንግዳ አይደለም። ከሁሉ ቀድሞ ወደ ግቢ የገባው ሦስት ሌሊት ሲያድር፣ መኪና አጥቶ ወይም ጥሪው ዘግይቶበት በመጨረሻዋ ቀን የደረሰው አንድ ሌሊት ብቻ አድሮ ለፈተና ይቀመጣል። ከሀና ማርያም ወደ አዲስ አበባ ግቢዎች የሚሄደው በሁለት ወይም በሦስት ታክሲ ይደርሳል፤ ከሰሜን ተራሮች ሥር ያለው ደግሞ ግማሹን መንገድ በእግሩ ነው። በ2016 ዓ.ም. የተወሰኑ ተማሪዎች ፈተናውን በኮምፒዩተር መውሰድ ጀምረዋል፤ ይህም መልካም ጅምር ነው። ቢሆንም መሣሪያና ኤሌክትሪክ ባልደረሰበት አካባቢ የሚኖረው ተማሪ ከዶርሙ በቀላሉ የሚላቀቅ አይመስለንም።

የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ግቢው ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይታወቅ። ማንም ተማሪ ሁለት ሙሉ ሌሊት ሳያድር ለመጀመሪያው ፈተና አይቀመጥ። ሁለት ሌሊት ምግብና ውኃ ይጠይቃል፣ ገንዘብም ነው፤ እናውቃለን። የማይቻል ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያው ጠዋት ውጤቱ የማይያዝ አጭር ልምምድ ይሰጥና ሒሳብና ፊዚክስ ወደ ኋላ ይገፉ። (ፊዚክስን ወደ ኋላ ለመግፋት የምናቀርበው ሐሳብ ለራሳችን ክፍል የወገነ እንደሆነ አይሰወርብንም።) በተደራራቢ አልጋዎች ላይ አንዱ ራሱን ወደ መስኮት፣ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ራሱን ወደ በር አድርጎ ይተኛ፤ ይህ ሳንቲም አያስወጣም። ተማሪው ከቤቱ ትራሱን ይዞ ቢመጣ በር ላይ አይከልከል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መለካት ይቀድማል። የእኛ ግምት ትክክል መሆኑን ወይም አለመሆኑን የሚያሳየው መረጃ ከየትም አይመጣም፤ በየግቢው በር ላይ የተመዘገበ መሆን አለበት። ተማሪ ሲገባ ስሙና ቀኑ በመዝገብ ይሰፍራል። ውጤቱም በሌላ መዝገብ አለ። ሁለቱ ስም ሳይጠቀስ ቢገናኙ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ በመጀመሪያው ቀን የገቡት በመጨረሻው ቀን ከገቡት የመጀመሪያውን ፈተና በምን ያህል እንደሚበልጡ፣ በመጨረሻው ፈተናስ ልዩነቱ ይጠብ እንደሆነ ማየት ይቻላል። በዚህም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ቀድሞ የሚደርሰው ምናልባት በሌላም ነገር የተሻለ ተማሪ ሊሆን ይችላልና። ለዚህ ነው ወሳኙ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ፈተና ልዩነት ነው የምንለው፤ ጎበዝነት ከሰኞ እስከ ሐሙስ አይቀያየርም፣ የእንቅልፍ ጉድለት ግን ይቃለላል። ስሌቱን ከሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎቻችን አንዱ በአንድ ሴሚስተር ሊጨርሰው ይችላል። መዝገቡ ይሰጠን።